አልበም ሳይቆራረጥ፦ ለሰሜን ሸዋ ሙዚቃ ቤቶች የማጫወቻ መምረጫ

በደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከውጭ ለሚያየው ሥራው ዘፈን መሸጥ ነው፤ ከባንኮኒው ጀርባ ለቆመ ሰው ግን ከጠዋት እስከ ማታ ማዳመጥ ነው። ካርቶን ስፈታ፣ ሽፋን ስወለውል፣ ሒሳብ ስደምር አንድ አልበም አብሮኝ ይውላል። ደንበኛም ብዙ ጊዜ ይዞ የሚወጣው ሊገዛ ያሰበውን ሳይሆን በሩን ሲያልፍ ጆሮው የገባውን ነው።

ሱቅ ሊከፍቱ ያሰቡ ወጣቶች በምን ላይ እናጫውት እያሉ ይጠይቁኛል። ግራ ቢገባቸው አይፈረድባቸውም። ቤታቸው አሮጌ ቴፕ አለ፤ ሲዲ ማጫወቻ በርካሽ ይገኛል፤ ፍላሽ የሚቀበል ድምፅ ማጉያ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ተደርድሯል፤ ስልክ ከእጃቸው አይለይም፤ ሸክላ ተመልሶ ተፈላጊ ሆነ የሚል ወሬም ይሰማሉ። ይህ መመሪያ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ሥራ እየሠሩ ሙሉ አልበም ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ለማዳመጥና ለማስደመጥ። ለሰርግ ድንኳን ሞንታርቦ የሚመርጥ ሰው መመዘኛው ሌላ ነው።

በምን እንመዝን?

ከሁሉም በፊት የማስቀምጠው አንድ ጥያቄ አለ፤ ዘፈኑ ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል ወይ? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ድምፁ ጉልበት ነው። እኔ ግን ከዓመታት በኋላ ሱቅ ውስጥ አልበም የሚገድለው የድምፅ ማነስ ሳይሆን መቆራረጡ መሆኑን አይቻለሁ። ደንበኛ ይገባል፣ ድምፅ ይቀነሳል፣ ሌላ ዘፈን ክፈትልኝ ይባላል፣ መብራት ይሄዳል።

አንድ ክረምት የደሴ መስመር ሹፌር ጎማው ጎሚስታው ዘንድ እስኪሠራለት ዝናቡን ሸሽቶ ገባና ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። ሲዲ ከፍቼ ስድስተኛው ዘፈን ላይ ደርሰናል። ማሲንቆው ብቻውን ጀመረ፤ ሹፌሩ ጣቱን ባንኮኒው ላይ በዝግታ መምታት ያዘ። ድምፃዊው ሁለተኛውን ስንኝ ሲጀምር መብራት ሄደ። ሩብ ሰዓት ያህል ስለ መንገዱ ጭጋግ ስናወራ ቆየን። መብራት ሲመጣ ሲዲው ከአንደኛው ዘፈን ተነሣ። «ይህንንማ ሰማነው፤ ያኛውን» አለኝ። ስድስተኛውን ፍለጋ ቁልፍ ስነካካ ሌላ ደንበኛ ገባ፣ ጎማውም ደረሰ፣ ሹፌሩ ወደ ጣርማ በር ወጣ። ያ ዘፈን ከነመጨረሻው ቢሰማ ኖሮ አልበሙን ይዞት ይሄድ እንደነበር አልጠራጠርም።

ሁለተኛው መመዘኛ መብራት በሌለበት ሰዓት መሥራቱ ነው። ሦስተኛው የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል መጠበቁ ነው፤ ድምፃዊውና አቀናባሪው የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይከተል ብለው የተጨነቁበትን ማሽኑ እንደ ፈለገ ቢበትነው አልበም መሆኑ ይቀራል። አራተኛው ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ሲከፈት ክራሩና ቃሉ ተለይተው መሰማታቸው ነው፤ እየሠሩና ከደንበኛ ጋር እየተነጋገሩ ጮክ አድርጎ መክፈት አይቻልምና። የመግዣና የጥገና ወጪን አምስተኛ አደርገዋለሁ። የአየር ጠባይ ደግሞ በሁሉም ውስጥ ይገባል፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ቆላ ነው። በአንዱ የሚሠራ ምክር በሌላው አይሠራም።

ካሴት

ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ፊሊፕስ ነው። ለእኛ ግን ካሴት አልበም የምንለውን ነገር ቅርፅ ያስያዘ ነው። ከእርሱ በፊት የታተመው የሀገራችን ሸክላ በአብዛኛው በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን የሚይዝ ትንሽ ሸክላ ነበር። ካሴት ሲስፋፋ ድምፃዊ አሥር ያህል ዘፈን አሰናድቶ በሁለት ገጽ ማዋቀር ጀመረ። የሁለተኛው ገጽ መክፈቻ ራሱን የቻለ ክብር አለው፤ ካሴት ገልብጦ የሰማ ሰው ያውቀዋል።

የስልሳ ደቂቃ ካሴት በገጽ 30 ደቂቃ፣ የዘጠናው 45 ደቂቃ ይጫወታል። ሠላሳ ደቂቃ ለሱቅ ሥራ ልክ ነው። አንድ መደርደሪያ ጠርጌ ስጨርስ ቁልፉ «ቀጭ» ብሎ ይነሣል፤ እገለብጣለሁ፤ ወደ ሚቀጥለው መደርደሪያ እሄዳለሁ። የዘጠና ደቂቃው ክር ቀጭን ስለሆነ በአሮጌ ቴፕ ውስጥ ቶሎ ይሳባል፣ ይጠመዘዛል።

በመጀመሪያው መመዘኛ ካሴትን የሚያህል የለም ማለት ይቻላል። መብራት ሲሄድ ክሩ ባለበት ይቆማል፤ ሲመለስ ድምፃዊው የጀመረውን ቃል ይጨርሳል። ይህ የሚሆነው ግን ቁልፉ በጣት ተጭኖ የሚቀረቀር ዓይነት ሲሆን ነው። በስሱ የሚነካ ቁልፍ ያላቸው ኋላ የመጡ ቴፖች መብራት ከሄደ ቆመው ይቀራሉ። ቁልፉ የሚቀረቀረውን ስትጠቀሙ ደግሞ ማታ ስትዘጉ ቁልፉን አንሡ፤ ተጭኖ ካደረ ጎማው ክሩን ጨምቆ ያድርና ጠዋት ዘፈኑ እየተወዛወዘ ይሰማል። ትልቁን የባትሪ ድንጋይ የሚቀበል ቴፕ ካገኛችሁ የመብራቱም ጉዳይ ያበቃል።

ችግሩ ክር መብላት ነው። ቴፑ ክር ሲበላ ድምፁ በድንገት ይታፈንና እንደ ማጉረምረም ይሆናል። አትደንግጡ፣ ካሴቱንም በኃይል አትሳቡ። ቁልፉን አንሥታችሁ መክደኛውን ክፈቱ፤ ቡናማው ክር በጎማውና በብረቱ መካከል እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ታገኙታላችሁ። በሁለት ጣት ከጎማው ቀስ ብላችሁ አላቁት፣ ያልተጠማዘዘ መሆኑን በብርሃን እዩ፣ እስክሪብቶ በካሴቱ ጥርስ ውስጥ አስገብታችሁ አጠንጥኑ። የተጨማደደው ቦታ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ይንቋቋል እንጂ ዘፈኑ ይድናል። ይህን ያህል ልፋት ይገባዋል፤ አንዳንዱ አልበም ከዚያ ካሴት በቀር ሌላ ቅጂ አልተረፈውም።

የቴፑን ራስ (ክሩ እየነካው የሚያልፈውን፣ ድምፁን የሚያነብበውን ብረት) በየሳምንቱ በጥጥና በአልኮል ማጽዳት የአብዛኛው ችግር መከላከያ ነው። አልኮሉን ከመድኃኒት ቤት ግዙ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አረቄ በቅርብ ስለሚገኝ በእርሱ የሚያጸዱ አይቻለሁ፤ በውስጡ ያለው ውሃና ሌላ ቅሪት ለቴፑ ራስም ለጎማውም ጥሩ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባደረ ጠዋት ደግሞ የውስጡ ጎማ ይደርቃል፣ ቅባቱ ይረጋል፣ ዘፈኑ ይንቀረፈፋል። የማያሳዝናችሁን ካሴት አስገብታችሁ አሥር ደቂቃ አስኪዱትና ከዚያ ደኅናውን ክፈቱ።

የካሴት ትልቁ ጉድለት ግልጽ ነው፤ አዲስ አልበም በካሴት ማግኘት ቀርቷል። መለዋወጫውም ከሌላ አሮጌ ቴፕ ነው የሚገኘው።

ሲዲ

ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ ዋለ። እስከ 80 ደቂቃ ይይዛል፣ መገልበጥ አይፈልግም፣ ቅደም ተከተሉን አያዛባም፣ በዝቅተኛ ድምፅም ከሁሉ የጠራ ነው። በእነዚህ ነገሮች ካየነው ለሱቅ የተሠራ ይመስላል።

የሹፌሩ ታሪክ ግን የሲዲ ታሪክ ነው። አብዛኛው ርካሽ ማጫወቻ መብራት ሲቋረጥ የነበረበትን ይረሳል። አንዳንድ የዲቪዲ ማጫወቻዎች ያስታውሳሉ፤ ስለዚህ ሲዲ የምትመርጡ ከሆነ ገንዘባችሁን በዚህ ላይ አውሉ። ወይም አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በውስጡ ካለው ባትሪ ኃይል የሚሰጥ ሣጥን) አብራችሁ ግዙ፤ ሲዲ ማጫወቻ የሚፈልገው ኃይል ጥቂት ስለሆነ አጭር መቋረጥን በቀላሉ ያሻግራችኋል።

ሲዲ ስትጠርጉ ከመሐሉ ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ እንጂ እያዞራችሁ አይሁን፤ በዙሪያው የሚሄድ ጭረት መረጃውን በተከታታይ ስለሚቆርጠው ማጫወቻው ሊያልፈው አይችልም። ቤት ውስጥ የተቀዳ ሲዲ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ አይቀመጥ፤ የተቀዳበት ቀለም በብርሃን ይበላሻል። ቀዝቃዛ አዳር ያደረ ማጫወቻም ሱቁ ሲሞቅ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዝና «ሲዲ የለም» ይላል። ተበላሸ ብላችሁ አትፍቱት፤ ግማሽ ሰዓት ተዉት።

ሸክላ

ሸክላን እወዳለሁ፤ ለዕለት ሥራ ግን አልመክረውም። ምክንያቱን ላስረዳ። ትልቁ ሸክላ በደቂቃ 33 ከሲሶ ዙር እየዞረ በገጽ ከ20 ደቂቃ ትንሽ በላይ ይጫወታል፤ ይህ ይቻላል። የሀገራችን የቀድሞ ሥራ ያለው ግን በአብዛኛው በ45 ዙሩ ትንሽ ሸክላ ላይ ነው። አንድ ዘፈን፣ ከዚያ ተነሥቶ መገልበጥ፣ አንድ ዘፈን፣ ከዚያ መቀየር። እየሠሩ አይሆንም።

ይህን ሥራ ያሳተሙት ራሳቸው ሙዚቃ ቤት የነበራቸው ሰዎች መሆናቸውን ማስታወስ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት የጀመረው አመሃ እሸቴም፣ ከእርሱ በኋላ የተነሣው ዓሊ አብደላ ካይፋም የሱቅ ሰዎች ነበሩ። ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ የደንበኛን ጆሮ ያጠና ሰው ነው ያንን ዘመን ያተመው።

የእነዚያ የመጀመሪያ ቅጂዎች ዛሬ ውድ ናቸው፤ በየቀኑ በመርፌ መፈግፈግ ሀብት ማጥፋት ነው። በበጋ ደረቅ አየር ሸክላው አቧራ ይስባል። ሱቁ ዋናው መንገድ ዳር ከሆነ ደግሞ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መርፌው ይዘላል። መብራት ሲሄድ መርፌው መስመሩ ውስጥ እንዳለ ድምፁ እየጎረነነ ይቆማል፤ ክንዱን ቶሎ ካላነሣችሁት ሲመለስ እያጓራ ይነሣል። ሸክላ ያላችሁ ሰዎች እሑድ ከሰዓት፣ ሱቁ ዝም ሲል፣ አንድ ገጽ ክፈቱ።

ፍላሽና ሚሞሪ

ዛሬ አብዛኛው ሱቅ ያለው ይህ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ባትሪ በውስጡ አለ፣ ስፋቱም ብዙ ነው። የአንድ ሰዓት አልበም በሰከንድ 320 ኪሎቢት (ቁጥሩ ሲያንስ ዘፈኑ ይበልጥ ታምቋል ማለት ነው) ሲቀዳ 144 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ በ32 ጊጋባይት ፍላሽ 200 ያህል አልበም ይገባል። በ128 ኪሎቢት ከ500 አያንስም፣ ግን አታድርጉት። በዚያ መጠን ሲታመቅ መጀመሪያ የሚጎዳው የጽናጽልና የጭብጨባ ድምፅ ነው፤ ጭብጨባው እንደ ዝናብ ሹክሹክታ ይሆናል።

ፍላሽ አልበም የሚያፈርሰው በቅደም ተከተል ነው። ብዙ ርካሽ ማጫወቻ ዘፈኖችን የሚከፍተው በስማቸው ሳይሆን ወደ ፍላሹ በገቡበት ተራ ነው። አሥሩን ዘፈን በአንድ ጊዜ መርጣችሁ ስትገለብጡ ተራው ሊዛባ ይችላል፤ የአልበሙ መዝጊያ መሐል ላይ ይመጣል። መፍትሔው ትዕግሥት ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ አልበም አንድ ማኅደር ክፈቱ፣ የዘፈኖቹን ስም በ01፣ በ02 ጀምሩ፣ ፍላሹን አጽድታችሁ አንድ በአንድ በተራቸው አስገቡ። «ደባልቅ» የሚለውን ቁልፍም አጥፉ።

መቀጠልን በተመለከተ ማሽን ከማሽን ይለያያል። ጥሩው ዘፈኑንም ሰከንዱንም ያስታውሳል፤ መካከለኛው ዘፈኑን ብቻ አስታውሶ ከመግቢያው ይጀምራል፤ ዝቅተኛው ወደ ፍላሹ የመጀመሪያ ዘፈን ይመለሳል። 200 አልበም በተጫነበት ፍላሽ ላይ ወደ መጀመሪያው መመለስ ማለት ቀኑን ሙሉ ፍለጋ ነው።

ድምፁም እንደ ሣጥኑ ነው። የሚደበድብ ባስ ያላቸው መንገድ ላይ ሰው ይጠራሉ፣ ማሲንቆን ግን ይውጡታል። ስትገዙ በራሳችሁ ፍላሽ ማሲንቆና ድምፅ ብቻ ያለበትን ዘፈን ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ስልክ

ስልክ በኢንተርኔት ሲያጫውት ሒሳቡን አስሉ። በ160 ኪሎቢት አንድ ሰዓት 72 ሜጋባይት ይበላል፤ በቀን ስምንት ሰዓት 576፣ በ26 የሥራ ቀን ወደ 15 ጊጋባይት። ቪዲዮ አብሮ ከሄደ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። በሁለት ዘፈን መካከል ማስታወቂያ ይገባል፣ መስመር ሲዳከም ዘፈኑ ይንጠለጠላል፣ ስልክ ሲደወል ደግሞ የግል ጉዳያችሁ በድምፅ ማጉያው ይወጣል።

እኔ የምመክረው ሌላ ነው። ሲም የሌለው አሮጌ ስልክ፣ አልበሞቹ ውስጡ ተጭነው፣ በገመድ ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር የተገናኘ። እስከ ሰከንዱ ድረስ ያስታውሳል፣ የራሱ ባትሪ አለው፣ በተራ ቁጥር ይደረድራል፣ የአልበሙንም ሽፋን በመስተዋቱ ላይ ያሳያል። ደንበኛ «ይህ ማነው?» ሲል ስልኩን ዞር አድርጎ ማሳየት ይበቃል። መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ እንኳ ለዚህ ሥራ ይሆናል።

ሬዲዮ እዚህ አይገባም፤ የራሱን ፕሮግራም እንጂ የእናንተን አልበም አያጫውትም።

በአጭሩ ሲታይ

| መሣሪያ | ካቆመበት መቀጠል | መብራት ሲሄድ | ቅደም ተከተል | ድምፅ ዝቅ ሲል | መግዣ | ጥገና |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ካሴት | በጣም ጥሩ፣ ቁልፉ የሚቀረቀር ከሆነ | በባትሪ ድንጋይ ይሠራል | የተጠበቀ | ሞቅ ያለ፣ ትንሽ ሽሽታ አለው | ዝቅተኛ | ብዙ |
| ሲዲ | ደካማ፣ ከጥቂቶች በቀር | ዩፒኤስ ይፈልጋል | የተጠበቀ | ከሁሉ የጠራ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ሸክላ | በእጅ ብቻ | አይሠራም | የተጠበቀ፣ መገልበጥ ይበዛል | ጥሩ | ከፍተኛ | ብዙ |
| ፍላሽ | እንደ ማሽኑ | ባትሪ ካለው ይሠራል | በጥንቃቄ ካልተጫነ ይዛባል | እንደ ሣጥኑ | ዝቅተኛ | ጥቂት |
| ስልክ በኢንተርኔት | ጥሩ፣ መስመር ካለ | ይሠራል | መተግበሪያው ይወስነዋል | ጥሩ | ወርኃዊ ወጪ አለው | ጥቂት |
| ሲም የሌለው ስልክ | በጣም ጥሩ | ይሠራል | የተጠበቀ | እንደ ድምፅ ማጉያው | ዝቅተኛ | ጥቂት |

ለማን የትኛው?

በትንሽ ገንዘብ ለሚጀምር ሰው፣ ደብረ ብርሃንም ይሁን መሐል ሜዳ፣ ሲም የሌለውን ስልክና በገመድ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ እመርጣለሁ። ብሉቱዝ አያስፈልግም፤ የጎረቤት ስልክ ይገባበታል።

አሮጌ ካሴት የሚሸጥ ወይም ወደ ዲጂታል የሚቀይር ሱቅ ሁለት ቴፕ ይኑረው፤ አንዱ ለመስማት፣ አንዱ ለመለዋወጫ። ከአያቶቻቸው የወረሱትን ካሴት ከመንዝና ከቡልጋ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ቆመው ይሰሙታል፣ አንዳንዶቹም ያለቅሳሉ። እዚያ ቦታ ላይ ክር የሚበላ ቴፕ ማቆም በደል ነው።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላላችሁ ሙቀቱ ጠላታችሁ ነው። ካሴትና ሸክላ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አይቀመጡ፤ ታች፣ ግድግዳው ፀሐይ በማያገኘው በኩል ይሁን። ሸክላ ቀጥ ብሎ ካልቆመ በሙቀት ይጎብጣል። የስልክ ባትሪም ሙቀት አይወድም፤ ቀኑን ሙሉ ቻርጅ ላይ አትተዉት።

መብራት በብዛት የሚቋረጥበት ቦታ ያለ፣ ሲዲም መጠቀም የሚፈልግ ሰው 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ ይግዛ። በወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት ነው፤ ከግማሹ በታች ካወረዳችሁት ዕድሜው ስለሚያጥር 40 ብላችሁ ቁጠሩት። አሥር ዋት ለሚበላ ማጫወቻ አራት ሰዓት ነው። በውርጭ ጊዜ ከዚህም ያንሳል፤ ከሲሚንቶው ላይ አንሥታችሁ ጣውላ ላይ አስቀምጡት።

በምንም ላይ አጫውቱ፣ ቅጂው ከባለመብቱ የመጣ ይሁን። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን፣ ድምፃዊውንና የድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁን ይጠብቃል። ያለ ፈቃድ ዘፈን መጫን በሙያችን የተለመደ ቢሆንም አልበም የሚሠራ ሰው እንዲቀር የሚያደርገው እርሱ ነው፤ አልበም ከሌለ እኛም ቀኑን ሙሉ የምንሰማው የለም።

ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ሲዲ ወይም ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። አራተኛውን ዘፈን ክፈቱ፣ መሐሉ ላይ ሲደርስ ሶኬቱን ንቀሉ፤ በውስጡ ባትሪ ካለው ማብሪያውን አጥፉ። አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ መልሱት። ሻጩ ቢያጉረመርምም ታገሡ። አራተኛው ዘፈን ካቆመበት ካልተነሣ ዋጋውን በግማሽ ቢቀንስላችሁም ተዉት።